ጉንዳን የሚመስለው ሸረሪት

መምህሩ መሞቱን የሰማሁት ሳጥኑን እንድሠራ ስታዘዝ ነው። ርእሰ መምህሩ ስልክ ደውሎ፣ «ጋሽ ወልዴ፣ የባዮሎጂው መምህራችን ሆስፒታል ዐርፏል። ቁመቱን ያውቁታል አይደል?» አለኝ።

«አውቀዋለሁ» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ጣውላ መምረጥ ጀመርኩ።

ስሙን አልጽፍም። ያስተማረበትንም ትምህርት ቤት ሰቆጣ ውስጥ ነው ከማለት አላልፍም። ተማሪዎቹ «ሸረሪቱ» ይሉት ነበር፤ እሱም ያውቃል፣ አልተቀየመም። የሞተን ሰው ደግ ደጉን ብቻ ማንሣት የአገሩ ደንብ ነው። እኔ ግን ልጆቼን ያሳደግኳቸው ያዩትን እንዲናገሩ ነው፤ ለራሴ ሲደርስ ሌላ ሕግ አላወጣም። ክፉ ሰው ነበር። ከእሱ የበለጠ ያስተማረኝ ሰውም የለም።

እኔ አናጢ ነኝ። ተማሪ ሆኜ ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ማንበብ የለመድኩት ልጆቼ አንብበው የጣሉትን መጽሐፍ እያነሣሁ ነው። የትምህርት ቤቱን ዴስክ የምጠግነው እኔ ስለሆንኩ ግን ከኋላ ተቀምጬ ብዙ ትምህርት ሰምቻለሁ። አንዳንዱ መምህር ለጥቁር ሰሌዳው ነው የሚያስተምረው። ይኼኛው ሲያስተምር መዶሻዬን አስቀምጬ ነበር የማዳምጠው።

ከጎጃም ነው የመጣሁት ይላል። አማርኛው ዜና እንደሚያነብ ሰው ጥርት ያለ ነበር። ሸሚዙ ሁልጊዜ ነጭ ነው። አንገቱ ላይ የሚጠመጥማትን ስካርፍ ቀትር ላይ፣ ድንጋዩ በሚግልበት ሰዓት እንኳ አያወልቃትም፤ ጉሮሮዬን ያመኛል ይላል። እኛ በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣና ስንነጋገር በአጠገባችን ካለፈ ፊቱን ያዞራል። የሰው አገር ቋንቋ አሰልችቶት ነው ብለን ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ትምህርት ስለ አንድ ሸረሪት ነበር። ከግቢው ግራር ግንድ ላይ ይዞት መጣና በማርማላታ ጠርሙስ አድርጎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ከፊት የተቀመጠውን፣ ከፃግብጂ ገጠር የመጣውን ልጅ ጠራው።

«ምንድን ነው?»

«ጉንዳን ነው መምህር።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ።»

«እግሩን ቁጠር።»

ልጁ አጉሊ መነጽሩን ይዞ አጎነበሰ። ቆጠረ፣ ደገመና ቆጠረ። «ስምንት» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«የጉንዳን እግር ስድስት ነው። እናትህ ጉንዳን ስትጠርግ አድገህ ይኼን አታውቅም። ተቀመጥ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ጠርሙሱን እያዞረ መለያዎቹን አንድ በአንድ አሳየን። ሁለቱን የፊት እግሮች መሬት አያስነካቸውም፤ አንሥቶ ያወዛውዛቸዋል፣ የጉንዳን ቀንድ እንዲመስሉለት። በቀሩት ስድስት ይሄዳል። የሸረሪት ራስና ደረት አንድ ሆኖ ሳለ፣ ይኼ መሃሉን ሰርጎድ አድርጎ ለሁለት የተከፈለ አስመስሎታል። ወገቡን አቅጥኗል። እንደ ሌላው ዘላይ ሸረሪት መዝለል ይችላል፣ ግን ጉንዳን ስለማይዘል ችሎታውን ደብቆ ወዲያ ወዲህ እያለ ይራመዳል። ወንዱ ደግሞ መንጋጋው ወደ ፊት የረዘመ ነው፤ ከሩቅ ላየው አንድ ጉንዳን ሌላ ጉንዳን በአፉ ተሸክሞ የሚሄድ ይመስላል።

«ዓይኑን ግን የት ይደብቀዋል?» አለ። «ፊቱ ላይ አራት ናቸው፣ የመሃሎቹ ሁለቱ እንደ መኪና መብራት። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ዘላይ ሸረሪት ብቻ ነው። ሌላም አለ። አስደንግጡት፣ ክር ለቆ ይንጠለጠላል። ጉንዳን ክር የለውም። የቱንም ያህል ቢያስመስል፣ ሲደነግጥ የሚያደርገው የተወለደበትን ነው።»

ሰሌዳው ላይ የወገኑን ሳይንሳዊ ስም ጻፈ፤ ሚርማራክኔ። ከሥሩ «መለያ» ብሎ አሰመረበት። ጉንዳን የሚነክስና የሚመርር ስለሆነ ወፍም ተርብም አይደፍረውም፣ ሸረሪቱ የሚከበረው በጉንዳን መልክ ነው ብሎ አስረዳ።

ልጄ ምሕረት እጇን አወጣች። መሃል ረድፍ ነበረች። «መምህር፣ ጉንዳኖቹስ አያውቁትም?» አለች።

ምሕረት አማርኛ የለመደችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው፤ አነጋገሯ ላይ ኽምጣናው ይሰማል። መምህሩ ጥያቄዋን ደገመው፤ በእሷው አነጋገር፣ በእሷው ጉሮሮ፣ ፊደሉን ሳይስት። ክፍሉ ተንጫጫ። እኔ ራሴ ልጄ ሁለት ጊዜ የተናገረች መሰለኝ። ጎጃም ያደገ ሰው ያን ድምፅ እንዲያ አድርጎ ሊያወጣው እንደማይችል ያን ቀን ልብ አላልኩም።

ከዚያ ከጓሮ የመጡ ጉንዳኖችን ጠርሙሱ ውስጥ አራገፈ። ሸረሪቱ የፊት እግሮቹን እያወዛወዘ ከጥግ ጥግ ሸሸ። ጠርሙሱ ጠባብ ነው። አንዷ ነካችው። ወዲያው ሁሉም ዞሩበት። ትንሽ ክር ለቀቀ፣ የሚንጠለጠልበት ግን አልነበረውም። ልጆቹ እግሮቹ ሲነቀሉ አዩ። መምህሩ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«መለሱልሽ» አላት።

ምሕረት ቤት ገብታ አለቀሰች። እኔም «የሚያስቅ አነጋገር ካለሽ አስተካክይ» አልኳት። ልጅ ተቀማጥሎ ሲያድግ አልወድም፤ ዛሬም አልወድም። እሷም አስተካከለች። በዚያው ዓመት አማርኛዋ ጠራ። ቤት ውስጥ በኽምጣና ስናናግራት በአማርኛ ትመልስልን ጀመር። እናቴ «ምን አለች?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

«መለያውን አምጣ» የሚለው ንግግሩ ከግቢው ወጥቶ ከተማው ገባ። የባጃጅ ልጆች ተሳፋሪ «ተማሪ ነኝ፣ ቀንስልኝ» ሲላቸው «መለያውን አምጣ» ይላሉ። እኔም ዋንዛ ነው ብሎ ሌላ እንጨት ሊሸጥልኝ የሚመጣውን በዚሁ አባርረው ነበር። ሌላም ንግግር ነበረው። ከገጠር የመጣ ልጅ የተውሶ ጫማ አድርጎ ሲኩራራ፣ ወይም የከተማ ልጅ አነጋገር ሲሞክር ካየ፣ ሰው መሃል ጠጋ ብሎ «የፊት እግርህን አውርድ» ይለዋል። ልጁ ያን ቀን ቀና ብሎ አይሄድም። አንዱ ጭራሽ ትምህርቱን ትቶ ወደ ፍየሎቹ ተመለሰ። መምህሩ ሲነገረው «እዚያ እግሩን የሚቆጥርበት የለም» አለ።

ዝናብ በከዳበት ዓመት ነው ሴትዮዋ የመጡት። እረፍት ሰዓት ነበር። በረንዳው ላይ ዴስክ እልግ ነበር። ዘበኛው አንዲት አሮጊት አስከትሎ ገባ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እግራቸው አቧራ የለበሰ። በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ከዚሁ ከሰቆጣ ወዲያ ካለው ከዝቋላ ገጠር በእግራቸው እንደመጡ፣ አማርኛ እንደማይሆንላቸው፣ የባዮሎጂውን መምህር እንደሚፈልጉ ዘበኛው ለርእሰ መምህሩ ነገረው። ርእሰ መምህሩ የደብረ ታቦር ሰው ነው። ዘበኛው ወደ በሩ ሲመለስ ርእሰ መምህሩ እኔን ጠራኝ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እስኪ ያስተርጉሙልን።»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ከክፍል ወጣ። ተማሪዎቹ ከኋላው ተከማቹ። ሴትዮዋ ሲያዩት አልሮጡም፣ አላለቀሱም። ከላይ እስከ ታች አዩትና በኽምጣና እንዲህ አሉ፦ «አባትህ ተኝቷል። አይነሣም። ሳይመርቅህ መሞት አልፈለገም። ና፣ አንድ ጊዜ ይይህ።»

እኔ ለመተርጎም አፌን ገና ስከፍት ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ።

ስብርባሪው ወለሉ ላይ ወደቀ። አየሁት። ሴትዮዋም አዩት። ከዚያ እኔ ተረጎምኩ፤ መምህሩም አሁን ገና እንደሰማ ሰው ቅንድቡን አነሣ።

«ሴትዮዋ ተሳስተዋል» አለ። «እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ዝቋላ የት እንደሆነም አላውቅም።»

ተረጎምኩላቸው። «ግራ ጆሮው ሥር ጠባሳ አለው» አሉ። «ልጅ ሆኖ ፍየል ወግታው ነው። እኔ ነኝ በቅቤ ያሻሁለት። ጨርቁን ይፍታና እዩት።»

ተረጎምኩ። ርእሰ መምህሩ የመምህሩን ስካርፍ አየ፣ ዓይኑንም ቶሎ መለሰ። ከተማሪዎቹ መሃል አንዱ ፉጨት አሰማ። መምህሩ ስካርፉን አልነካትም። ዞሮ ለተማሪዎቹ ነበር የተናገረው፣ በክፍሉ ድምፅ።

«ተመልከቱ። ከሩቅ ስታዩዋቸው እናት ይመስላሉ። መለያውን ፈልጉ።»

ሳቁ። አንዳንዱ ፈርቶ ነው የሳቀው፣ ግን ሳቀ። ምሕረትም መሃላቸው ነበረች።

«ምን አለ? ለምን ሳቁ?» አሉኝ ሴትዮዋ።

እኔ የሰው ቃል ተቀብዬ ቀንሼ አላደርስም። እንዳለው አድርጌ ነገርኳቸው። የሚወቅሰኝ ይኖራል፤ ይውቀሰኝ። ፊታቸው ላይ የተለወጠ ነገር አላየሁም። ቋጠሮውን ዴስኩ ላይ አስቀመጡ።

«ለልጄ ነው» አሉ።

«እማማ፣ ትንሽ ልለምነው?» አልኳቸው በቋንቋችን።

«ግድ የለም። ሰምቶኛል» አሉና ወጡ።

ማታ ትምህርት ሲለቀቅ መምህሩ ወደ ሱቄ መጣ። ከዚያ በፊት መጥቶ አያውቅም። መላጊያዬን አላቆምኩም። በሰው ፊት «እርስዎ» ነበር የምለው። ያን ማታ በኽምጣና፣ በአንተ አናገርኩት።

«መቼ ነው የምትሄደው?»

በአማርኛ መለሰልኝ። «ለማን ነገርክ?»

«ለማንም። መቼ ነው የምትሄደው?»

«አልሄድም።»

«አባትህ እኮ ነው።»

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እጁ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነበር። «ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን አፌን በከፈትኩ ቁጥር ይስቁ ነበር። የመኝታ ክፍላችን ልጆች እኔን ሲያስመስሉ ነው የሚያመሹት። ዝም አልኩ። ቆይቼ አፌን ስከፍት ሌላ ሰው ሆኜ ነበር። አሁን አንድ ቀን ዝቋላ ከታየሁ፣ በሚቀጥለው ቀን እዚህ ማን ሆኜ እቆማለሁ?»

«ራስህን ሆነህ።»

«ያንን አላውቀውም» አለ። ቀጠለናም፣ «ያ ሸረሪት ጉንዳን መሃል ይኖራል፣ ግን አንዱንም አይነካም። ሲነኩት ነው የሚያውቁት። ዕድሜውን በሙሉ እየሸሸ ነው መሃላቸው የሚኖረው» አለ።

«ያን ያህል ካቃጠለህ ልጄን ለምን አዋረድካት?»

ቀና ብሎ አየኝ። «ልጅህ አሁን እንዴት ትናገራለች?»

መላጊያዬን አቆምኩ።

«የሚስቅባት አለ?»

የለም። እውነቱን ነው፣ የሚስቅባት የለም። መልስ ስፈልግ፣ ከበረንዳው አንሥቼ ያመጣሁትን የእናቱን ቋጠሮ አነሣ። ፈታ አድርጎ አየው፤ ቋንጣ ነበር። አሸተተው።

«የፍየል ነው። አልወድም» አለ። ይዞት ሄደ።

አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩም። መርዶው ዝቋላ ቀረ፤ መምህሩ ለቅሶ አልተቀመጠም። እኔ ያወቅሁት ከገበያተኞች ሰምቼ ነው። በዚያ ሳምንት ዴስክ ልጠግን ስገባ ተማሪዎቹን እንደወትሮው ይሳደብ ነበር። አንዲት ልጅ «ሸረሪቱ ጎጆ አለው ወይ?» ብላ ጠየቀችው። በቅጠል ሥር እንደ ከረጢት ያለች ትንሽ ድር እንደሚሠራ፣ እዚያ ገብቶ እንደሚተኛ ነገራት። «እዚያ ውስጥ ሲሆን ብቻ የፊት እግሮቹን ያወርዳል» አለ። መጽሐፍ ላይ ያለ ይሁን ከራሱ ያመጣው አላውቅም።

ሲታመምም ለማንም አልተናገረም። ሆስፒታል የገባው ሰው ተሸክሞት ነው። የሞተ ዕለት አስከሬኑን ልንረከብ ስንሄድ ያስታመመችው ነርስ፣ የጎንደር ልጅ ናት፣ «በመጨረሻ ትኩሳቱ አፉን አጠፋበት። ብዙ ያወራ ነበር፣ አንዱም አልገባንም» አለችኝ። ምን ምን ይል እንደነበር አልጠየቅኳትም። ገላውን ወደ ሳጥኑ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ስካርፉ ተፈትታ ነበር።

በመሥሪያ ቤት ደንብ፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ሲሞት ባልደረቦቹ አዋጥተው አስከሬኑን ወደ ትውልድ ቦታው ይሸኛሉ። አይሱዙ ተከራይተው ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አቆሙ። ግን ወዴት ይሂድ? ርእሰ መምህሩ ጎጃም ወዳለው ሁሉ ሲደውል ዋለ። የሚያውቀው ሰው አልተገኘም። እኔ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ለገበያ ከመጡ የዝቋላ ሰዎች አንዱን ልኬ ነበር። የሰው እናት ልጇን የመቅበር መብት አላት ብዬ ነው። ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ።

ሴትዮዋ ደረሱ። ከሥተው ነበር። ሰው መንገድ ሰጣቸው። ርእሰ መምህሩ ወዲያው አወቃቸው።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኚያ ሴትዮ አይደሉም? ይጠይቁልኝ። እናቱ ከሆኑ ይንገሩን። መኪናው ቆሟል፤ ዝቋላ አባቱ አጠገብ ወስደን እንቀብረዋለን። ካልሆኑም እዚሁ በእንግዳ መቃብር እናሳርፈዋለን።»

ተረጎምኩ፣ አንዲት ቃል ሳልቀንስ። ሴትዮዋ ሳጥኑን አዩት። መምህራኑን አዩ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሱትን ተማሪዎች አዩ። ሁሉም የእሳቸውን አፍ ይጠብቃል።

«አላውቀውም በላቸው» አሉ። «ተሳስቼ ነው የመጣሁት።»

«እማማ፣ እንግዳ ሆኖ ሊቀበር ነው እኮ።»

«ያልኩህን ንገራቸው።»

ነገርኳቸው። ርእሰ መምህሩ ራሱን ነቀነቀ፤ አይሱዙው ባዶውን ተመለሰ። መምህሩ ሰቆጣ፣ ዘመድ በሌላቸው ሰዎች ረድፍ ተቀበረ። ሴትዮዋ ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ። ለማያውቁት ሰው የሚለቀሰውን ያህል አለቀሱ፣ ከዚያ አላለፉም።

ሰዉ ሲበተን ጠጋ አሉኝ። «ጆሮው ሥር አየኸው?»

«አየሁት።»

«ጠባሳው አብሮት አድጎ ነበር?»

«አድጎ ነበር» አልኳቸው፤ በጣቴም ልኩን አሳየኋቸው። እሳቸው በራሳቸው ጣት ያነሰ ለኩ፣ የድሮውን። ሁለቱን ጣቶች ጎን ለጎን አድርገው ትንሽ አዩ።

ያሉትን ያሉት ልጃቸው ሲደብቀው የኖረውን ለመጠበቅ ይሁን፣ እሱ የካደበትን ቃል በእሱው ላይ ለመመለስ፣ እስከ ዛሬ አስቤ አልደረስኩበትም። መለያውን አምጣ ብባል የማመጣው የለኝም። ስሙን ያልጻፍኩት ግን ለዚህ ነው፤ ፈቃዱ የሁለቱም ነበርና።

የቀብርተኛው ውሃ ከበሩ አጠገብ በጀሪካን ተቀምጦ ነበር። ተማሪዎቹ ናቸው የሚያድሉት፤ ምሕረት ከጓደኞቿ ጋር ጀሪካኑ ዘንድ ቆማለች። ሴትዮዋ ሲወጡ አጠገቧ ቆሙና በኽምጣና ውሃ ለመኗት። የምሕረት እጅ ወደ ኩባያው ሄደ። ጓደኞቿ ቀና ብለው አዩ። እጇ መንገድ ላይ ቆመ።

«አልገባኝም እማማ» አለች፣ በአማርኛ፣ ጥርት አድርጋ።

«የፊት እግርሽን አውርጂ» የሚለው ንግግር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። ጓደኞቿ እየሰሙ በኽምጣና፣ «ልጄ፣ ለእናትሽ ውሃ ስጪ» አልኳት። አንገቷን ደፋች። አልተንቀሳቀሰችም።

ልጮህባት ስል ሴትዮዋ ክንዴን ያዙኝ።

«ተዋት» አሉ። «ሰምታኛለች።»

ሳይጠጡ የዝቋላን መንገድ ያዙ።